መብራት ሲጠፋ የሚያጥለቀልቅ ሰምፕ፦ ጥፋቱ የፓምፑ ነው?

ጥያቄ፦ «120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ከሥሩ 90 በ40 በ40 የሆነ ሰምፕ (ውሃው ወርዶ ተጣርቶ በፓምፕ የሚመለስበት ታችኛ ገንዳ) አስቀምጫለሁ። ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ያለበት ክፍል ውሃ 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፤ ፓምፑ ያለበት የመጨረሻ ክፍል 25 በ40 ሲሆን እስከ 25 ሴንቲ ሜትር እሞላዋለሁ። የፓምፑ መሳቢያ አፍ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ይህ ክፍል በቀን 4 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል፤ በሦስተኛው ቀን ፓምፑ አየር እየሳበ ላይኛውን ገንዳ በአረፋ ይሞላዋል። መብራት ሲጠፋ ሰምፑ አንዳንድ ጊዜ ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ምንም አይሆንም። ፓምፑ በሰዓት 5000 ሊትር የሚል ቢሆንም የሚመለሰው ውሃ ያን ያህል አይመስለኝም። የመመለሻው ቱቦ በውስጡ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ አምስት ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ) አለው፤ አፉ ከላይኛው ውሃ ወለል 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተጠምቋል። ጨዋማነቱ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ከ35 ወደ 33 ወርዷል። ትልቅ ፓምፕና ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) ግዛ ተብያለሁ። ልግዛ?»

ምላሽ፦ ፓምፑንም ቫልቩንም ለጊዜው አይግዙ። የላኳቸው ልኬቶች ጉዳዩን ከሞላ ጎደል ጨርሰውታል። የጨዋማነቱ መውረድም ለብቻው የመጣ ሌላ ችግር አይደለም።

በዚህ ዓይነት አሠራር ፓምፑ ውሃ ያንቀሳቅሳል እንጂ ውሃው የት ላይ እንደሚቆም አይወስንም። የላይኛውን ገንዳ ከፍታ የሚወስነው ውሃው ተሻግሮ ወደ መውረጃው ሳጥን የሚገባበት ጥርሳም ጠርዝ ነው። ከጠርዙ በላይ የመጣው ይወርዳል፣ ከጠርዙ በታች ያለው ባለበት ይቆያል። በሰምፑም ውስጥ ስኪመሩ የቆመበትን ክፍል ከፍታ የሚጠብቀው ከጎኑ ያለው የመስታወት ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለ ጠባቂ የሌለው ፓምፑ ያለበት የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ከመላው ውሃ የተነነው ሁሉ ጎድሎ የሚታየውም እዚያ ነው።

የእርስዎ የመጨረሻ ክፍል ወለል 1000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ልክ አንድ ሊትር ይይዛል። በቀን 4 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ በቀን 4 ሊትር ይተናል። ይኸው 4 ሊትር ከላይኛው ገንዳ ላይ ቢቀነስ ኖሮ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ ልብም አይሉትም ነበር። በሦስተኛው ቀን ውሃው 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ከመሳቢያው አፍ በላይ የቀረው ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ጥልቀት ውሃው ወደ አፉ ሲገባ አዙሪት ይሠራል። በአዙሪቱ መሃል የገባውን አየር የፓምፑ መዘውር እንደ ዱቄት አድቅቆ ወደ ላይ ይልከዋል። የሚያዩት አረፋ ይህ ነው፤ ፓምፑ አልተበላሸም።

መድኃኒቱ በየቀኑ ንጹሕ ውሃ መጨመር ነው። የጨው ውሃ አይደለም፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ሆኖ ጨው ወደኋላ ይቀራል። ራሱን የሚሞላ መሣሪያ ቢገጥሙ ይመረጣል፤ የውሃ ከፍታ ጠቋሚው መቀመጥ ያለበት በዚሁ በመጨረሻው ክፍል ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጡት ከፍታው ስለማይለወጥ መጉደሉን አያውቅም። የመሙያው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ደግሞ ከሰምፑ ውሃ በላይ በአየር ላይ ይንጠልጠል። ውሃ ውስጥ ከተጠመቀና የንጹሕ ውሃው ማጠራቀሚያ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ትንሿ ፓምፕ ከቆመች በኋላም ውሃው በሳይፎን ራሱን እየሳበ ማጠራቀሚያው እስኪያልቅ ይወርዳል።

አሁን ወደ መጥለቅለቁ። «አንዳንድ ጊዜ ይፈስሳል፣ አንዳንድ ጊዜ አይፈስስም» ያሉት ቃል ከጥያቄዎ ሁሉ ጠቃሚው ነው፤ በስሌት እንየው።

መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። ከጠርዙ በላይ ያለው ቀጭን የውሃ ንጣፍ በመውረጃው ይወርዳል። የመመለሻው ቱቦም ውሃ እንደሞላ ስለሚቀር ሳይፎን ይሆንና ላይኛውን ገንዳ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በቆመው ፓምፕ ውስጥ አሳልፎ፣ ወደ ሰምፑ ይስባል። ይህ የሚያቆመው የቱቦው አፍ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። የእርስዎ ቱቦ አፍ 6 ሴንቲ ሜትር ስለጠለቀ ገንዳው 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የላይኛው ገንዳ ወለል 7200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትሩ 7.2 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ስድስቱ ሴንቲ ሜትር 43 ሊትር ይሆናል። ከመውረጃው ሳጥንና ከቱቦዎቹ የሚወርደውን 7 ሊትር ያህል ልበለው። በድምሩ 50 ሊትር ወደ ታች ይመጣል።

ሰምፑ ይህን ይችላል? ከ28 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያለው ባዶ ቦታ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ3600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወለል 43 ሊትር ይሆናል። የመጨረሻው ክፍል 25 ላይ ከሆነ 28 እስኪደርስ ሌላ 3 ሊትር ይወስዳል። ጠቅላላው 46 ሊትር ነው፤ የሚመጣው ግን 50። አራቱ ሊትር ወለሉ ላይ ነው። ውሃ ሳይጨምሩ ሁለት ቀን ካለፈ ግን የመጨረሻው ክፍል 17 ላይ ወርዷልና 11 ሊትር ይወስዳል፤ የሰምፑ ባዶ ቦታ 54 ሊትር ደረሰ ማለት ነው፣ 50ውን ሊትር ሳይፈስስ ይይዛል። መብራቱ የሚጠፋው ውሃ በሞሉበት ዕለት ከሆነ ይፈስሳል፣ ሳይሞሉ በቆዩበት ቀን ከሆነ አይፈስስም። ያሠጋው ስንፍናዎ ሳይሆን ትጋትዎ ነው። ራሱን የሚሞላውን መሣሪያ ቱቦውን ሳያስተካክሉ ከገጠሙት ደግሞ ሰምፑ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሚሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ይፈስሳል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። የመስታወቱን ውፍረትና ስኪመሩ ራሱ የሚይዘውን ቦታ በስሌቴ ውስጥ አላስገባሁም፤ በእውነቱ ያለዎት ቦታ ከዚህም ትንሽ ያንሳል።

ጨዋማነቱም የወረደው በዚሁ በር ነው። በአንድ ሊትር 35 ግራም ጨው ቢታሰብ፣ የፈሰሰው 4 ሊትር 140 ግራም ጨው ይዞ ሄዷል። እርስዎ ደግሞ ጉድለቱን የሚሞሉት በንጹሕ ውሃ ነው። መላው ውሃ 450 ሊትር ገደማ ቢሆን ከ35 ወደ 33 ለመውረድ 900 ግራም ጨው መውጣት አለበት፤ ይህም ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ መፍሰስ ነው። ስኪመሩ የሚያወጣው ቆሻሻ ውሃም ጨው ይዞ ስለሚወጣ ሁሉንም በመጥለቅለቁ ላይ አልጥለውም። ከዚህ በፊት ግን ሪፍራክቶሜትሩን (የጨዋማነት መለኪያውን) 35 በሆነ መለኪያ ፈሳሽ ያስተካክሉት፤ በባዶ ውሃ ብቻ የተስተካከለ መሣሪያ ላይ አንድና ሁለት ነጥብ መሳሳት የተለመደ ነው። ንባቡ እውነት ከሆነ በአንድ ጊዜ ጨው አይጨምሩ። ለአንድ ሳምንት ገደማ የሚተነውን 4 ሊትር በንጹሕ ውሃ ፋንታ በ35 የጨው ውሃ ይተኩ፤ በየቀኑ 140 ግራም እየተመለሰ እንስሳቱ ሳይደናገጡ ወደ ቦታው ይደርሳል። በየቀኑ ይለኩ፣ 35 ሲደርስ ወደ ንጹሕ ውሃ ይመለሱ።

የመጥለቅለቁ መፍትሔ የቱቦውን አፍ ከፍ ማድረግ ነው። ከውሃው ወለል ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በአግድም እንዲተፋ ያድርጉት። ያኔ የሚወርደው ከ43 ወደ 14 ሊትር ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ሳጥኑና ቱቦዎቹ ሲጨመሩ 22 ሊትር አይሞላም። ሰምፑም 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቆሞ ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ ባዶ ግድግዳ ይተርፈዋል። ከውሃው ወለል አጠገብ የሚተፋ አፍ የላዩን ውሃ ስለሚያናውጥ ለጋዝ ልውውጥም ይጠቅማል። ቱቦውን ማንሳት የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ብቻ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ቱቦውን በ6 ሚሊ ሜትር ይብሱት፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ቀዳዳው አየር ስቦ ሳይፎኑን ይሰብራል። ቀዳዳው ግን አልጌ ይደፍነዋል፤ በየሳምንቱ በጥርስ መጎርጎሪያ መጥረግ የማይሰለችዎት ከሆነ ነው የምመክረው።

ስለ ቼክ ቫልቭ ያለኝ አቋም ጠንከር ያለ ነው። በጨው ውሃ ውስጥ ማጠፊያው ላይ ካልሲየም ይጋገራል፣ ትናንሽ ቱቦ ሠሪ ትሎች ይሰፍሩበታል፣ አንዲት የቀንድ አውጣ ልጅ ከመሃሉ ገብታ ሳይገጥም እንዲቀር ታደርገዋለች። ሥራውን የሚጠይቁት በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ መበላሸቱን የሚያውቁትም ያን ቀን ነው። በዚህ ላይ ዘወትር ፍሰቱን ይቀንሳል። ያለ እሱ የሚያጥለቀልቅ ሰምፕ ከእሱም ጋር የሚያጥለቀልቅበት ቀን አይቀርም። ያለ እሱ የማያጥለቀልቅ ከሆነ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል?

የፓምፑ ጉዳይ። በካርቶኑ ላይ ያለው 5000 ሊትር ፓምፑ ውሃን ምንም ከፍታ ሳያነሳ፣ ያለ ቱቦ የሚገፋው ነው። ፓምፑ ውሃ ማንሳት ሲጀምር ፍሰቱ ይቀንሳል፤ በሆነ ከፍታ ላይ ዜሮ ይሆናል። በመመሪያው ውስጥ ያለው ጠማማ መስመር ይህንን ነው የሚያሳየው፣ ከካርቶኑ ቁጥር ይልቅ እሱን ይመኑ። ከፍታው የሚለካው ከፓምፑ አይደለም፤ ከሰምፑ የውሃ ወለል እስከ ላይኛው ገንዳ የውሃ ወለል ነው። በዚህ ላይ የቱቦው ሰበቃ ይጨመራል፣ የእርስዎን ፍሰት አብዝቶ የበላው ይኸኛው ይመስለኛል። አምስት ኤልቦ ያለው 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ለዚህ ፓምፕ ጠባብ ነው። ሰበቃው ከፍሰቱ ካሬ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ያድጋል፤ በዚያው ቱቦ ውስጥ ፍሰቱን እጥፍ ለማድረግ ቢሞክሩ ተቃውሞው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትልቅ ፓምፕ ገዝተው አብዛኛውን አቅሙን በሙቀትና በጩኸት ያገኙታል የምለው ለዚህ ነው። በአንጻሩ የውስጥ ስፋቱን ወደ 25 ሚሊ ሜትር ቢያሳድጉ በዚያው ፍሰት ሰበቃው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል።

መጀመሪያ ግን ይለኩ። የመውረጃውን ቱቦ ጫፍ አምስት ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ አስገብተው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይቁጠሩ። ከፍታዎቹ ከተረጋጉ የሚወርደውና የሚወጣው እኩል ስለሆነ ይህ የፓምፑም ፍሰት ነው። ዘጠኝ ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 2000 ሊትር ያገኛሉ። ገንዳዎ በእርግጥ የሚይዘው 400 ሊትር ገደማ ስለሆነ ውሃው በሰዓት አምስት ጊዜ በሰምፑ ያልፋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ለአብዛኛው ገንዳ ይበቃል። ኮራሎች የሚፈልጉትን ኃይለኛ ሞገድ የሚሰጡት ገንዳው ውስጥ የሚለጠፉት የሞገድ ፓምፖች ናቸው። መላሹ ፓምፕ ውሃውን ወደ ስኪመሩና ወደ ማሞቂያው ካደረሰ ሥራውን ጨርሷል። ከሁለት ሺህ በጣም ካነሰ ከመግዛትዎ በፊት ፓምፑን ፈትተው በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይዘፍዝፉት፤ በመዘውሩ ላይ የተጋገረው ካልሲየም ብቻውን ብዙ ፍሰት ይሰርቃል።

ቧንቧውን ሲቀይሩ በአንድ ዘጠና ዲግሪ ኤልቦ ፋንታ ሁለት አርባ አምስት ይጠቀሙ። ከፓምፑ አጠገብ ዩኒየን (በእጅ ተፈትቶ የሚገጠም መገጣጠሚያ) ይግጠሙ፣ አለዚያ ለማጽዳት መጋዝ ያስፈልግዎታል። በፓምፑና በደረቁ ፒቪሲ መካከል አጭር የሲሊኮን ቱቦ ቢገባ ንዝረቱ ወደ ቁም ሣጥኑ አይተላለፍም። ከነሐስና ከመዳብ የተሠራ ማንኛውም መገጣጠሚያ አይግባ፤ መዳብ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ፍሰት መቀነስ ቢያስፈልግ ቫልቩ ከፓምፑ መውጫ በኋላ ይሁን። መሳቢያውን ማነቅ ፓምፑን ይጎዳዋል።

ያልጠየቁት፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የመውረጃው ወገን ነው። አንድ መውረጃ ቱቦ ብቻ እንዳለዎት እገምታለሁ፤ አንዲት ቀንድ አውጣ ብትዘጋው ምን ይሆናል? ፓምፑ መግፋቱን አያቆምም፤ የመጨረሻውን ክፍል ውሃ እስከ መሳቢያው አፍ ድረስ ወደ ላይ ይወስደዋል። ከ25 እስከ 10 ያለው 15 ሊትር ላይኛውን ገንዳ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከውሃው ወለል እስከ መስታወቱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ካለዎት ተርፈዋል። የመጨረሻው ክፍል ጠባብ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሰፊ ክፍል ቢሆን ኖሮ ገንዳው ከላይ ይፈስስ ነበር። ራሱን የሚሞላው መሣሪያ ግን የመጨረሻው ክፍል ጎደለ ብሎ ከማጠራቀሚያው ንጹሕ ውሃ ይጨምራል። 20 ሊትር ቢጨምር ገንዳው ላይ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነው፤ ያኔ ወለሉ አይተርፍም፣ ጨዋማነቱም ይወድቃል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችለውን ደቂቃ ገድቦ የሚያጠፋ መሣሪያ ይምረጡ።

የመውረጃው ሳጥን ወለል ሁለት ቀዳዳ ካለው፣ አንዱ ለመውረጃ ሌላው ለመመለሻ ተብሎ የተበሳ ነው። መመለሻውን በገንዳው ጀርባ ጠርዝ ላይ አሻግረው ያምጡትና ሁለቱንም ቀዳዳ ለመውረጃ ያድርጓቸው። አንደኛው ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሞልቶ ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ ሁለተኛው አፉ ከፍ ብሎ ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል፣ ዋናው ሲታነቅ ብቻ ይሠራል። የዋናውን ፍሰት ለማስተካከል ጌት ቫልቭ (እየተሽከረከረ ቀስ በቀስ የሚዘጋ) ያስፈልጋል፤ ቦል ቫልቭ (በሩብ ዙር የሚዘጋው) በጥቂቱ ለመክፈትና ለመዝጋት አይመችም። የዋናው ጫፍ ሰምፑ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጠመቅ። ከዚያ ከጠለቀ መብራት ሲመለስ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ገፍቶ ለማውጣት ይቸገራል፤ ላይኛው ገንዳም ከልክ በላይ ከፍ ይላል። በተጠባባቂው ቱቦ ላይ ቫልቭ አይግጠሙ፤ መረብም አያልብሱት።

ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ፓምፖች ከሶኬት ነቅለው ውሃው መውረዱን እስኪያቆም ይጠብቁ። ሰምፑ ከጫፉ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ መልሰው ይሰኩት። ከፍታዎቹ ሲረጋጉ በመጨረሻው ክፍል መስታወት ላይ የውሃውን ልክ በማይለቅ ቀለም ያስምሩ፤ ከዚያ መስመር በላይ ማንም ውሃ እንዳይጨምር ለቤተሰቡ ይንገሩ። የመሙያውን ጠቋሚ ከመስመሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ያስሩ። ቀጥሎ ባልዲ ይዘው ቆመው ዋናውን መውረጃ በእጅዎ ይድፈኑት፤ ውሃው ወደ ተጠባባቂው ቱቦ መግባት ሲጀምር በግልጽ ይሰማሉ። ካልገባና ገንዳው ከፍ ማለቱን ከቀጠለ እጅዎን ያንሱና የተጠባባቂውን አፍ ጥቂት ዝቅ ያድርጉት። እግረ መንገድዎን የፓምፑ ገመድ ከሶኬቱ በታች ጎንበስ ብሎ መውረዱን ይመልከቱ፤ በገመዱ የሚሮጥ የጨው ውሃ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይሆን እዚያ መታጠፊያው ላይ መውደቅ አለበት።